የፈረስ ስም ለበቅሎ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ «በመጨረሻ ኤክሊፕስ ገዛሁ!» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ከጽሑፉ ቀጥሎ ሦስት የእሳት ምልክት። ልቤ ቀጥ አለ። ፎቶውን በጣቴ ሳብ አድርጌ አሰፋሁት። ግራጫ፣ ከፍ ያለች፣ ባለ አራት በር፣ ጣሪያዋ ላይ የሻንጣ ማሰሪያ ብረት የተዘረጋባት የቤተሰብ መኪና ናት። የኋላ ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ይታያል። ከኋላ በኩል «ኤክሊፕስ ክሮስ» ተብሎ ተጽፎባታል።

«ይሄ ኤክሊፕስ አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት።

«አንቺ ደግሞ! ስሙ ኤክሊፕስ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ በድምፅ መልእክት መልስ ጀምሬ ነበር። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ራሴን ታዘብኩና አጠፋሁት። የቀረው ይኸው እዚህ አለ። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እሱና እኔ ይቺን መኪና ያወቅናት ናዝሬት፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1995 ዓ.ም. ነው። የመኪናዋም ሞዴል 1995 መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ሲሆን፣ ያን ቀን ግጥምጥሞሹ ብቻዬን አስቆኛል። አግዳሚው ላይ ሃያ ምናምን ወንድ ልጆች፣ ከመሀላቸው እኔ። «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ሲጀምር ፖል ዎከር ብሩህ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች ባለ ሁለት በር መኪና ይዞ ብቅ አለ። በውድድሩ ተሸነፈ። ፊልሙ ገና ሳይጋመስ መኪናዋ በጥይት ተበሳስታ በእሳት ጋየች። በቃ፣ ያቺ ናት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ፊልሞች ስንት ውድ መኪና እንደተሰባበረ ቆጥሬ አልዘልቅም፣ እኔ ግን ያቺን አረንጓዴ ብቻ ነው ይዤ የቀረሁት። የአክስቴ ልጅ ያን ቀን «አሜሪካ ስገባ መጀመሪያ የምገዛው እሷን ነው» አለ። ገባ። በሃያ ዓመቱ ገዛ። የገዛው ግን እሷን አልነበረም።

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፦ በሕይወቴ አንዲት ኤክሊፕስ በአካል አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «መለዋወጫ ይገኛል ወይ?» ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ስንት ሰው ይጭናል?»። ሁለት በር ያላት፣ የኋላ ወንበሯ ለሰው እግር ቦታ የሌላት መኪና በዚህ ፈተና አታልፍም። ስለዚህ «ምን አገባሽ?» ብትሉኝ ትክክል ናችሁ። እስቲ ምን እንዳገባኝ ልንገራችሁ።

ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ለገበያ የቀረበችው በ1989 ነው። ስሟ ከሰማይ ግርዶሽ በቀጥታ የመጣ አይደለም፤ ከፈረስ ነው የመጣው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ኤክሊፕስ የሚባል የውድድር ፈረስ ነበር። የፀሐይ ግርዶሽ በሆነበት ቀን በ1764 ተወልዶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከውድድር የወጣ። በዛሬ ጊዜ ከሚሮጡት ንጹሕ ዘር የእንግሊዝ ፈረሶች የአብዛኞቹ የአባት መስመር ወደ እሱ ይወጣል። ይህን ሳነብ ነገሩ ከጠበቅሁት በላይ ቅርብ ሆኖ ተሰማኝ። እኛ እኮ የፈረስ ስም ምን እንደሆነ እናውቃለን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በዋዛ አይደለም። የፈረስ ስም የሚወጣው ለተሠራ ሥራ ነው፣ ሲጠራም ያ ሥራ አብሮ ይጠራል።

የመጀመሪያዋ ኤክሊፕስ ስሟን የሚመጥን ሥራ ነበራት። የተሠራችው ጃፓን ሳይሆን አሜሪካ ነው፣ ኢሊኖይ ውስጥ ኖርማል በምትባል ከተማ። ሚትሱቢሺና ክራይስለር በ1985 በሽርክና አንድ ኩባንያ አቋቁመው ስሙን ዲያመንድ ስታር አሉት፤ አልማዙ የሚትሱቢሺ ዓርማ፣ ኮከቡ የክራይስለር። ከዚያው ፋብሪካ ሦስት እህትማማቾች ወጡ፦ ኤክሊፕስ፣ ፕሊመዝ ሌዘርና ኢግል ታሎን። አካላቸው አንድ፣ ስማቸውና ሻጫቸው የተለያየ።

ዋናው ነገር ግን ከኮፈኑ ሥር ነው። ርካሿን ኤክሊፕስ ከገዛችሁ 92 የፈረስ ጉልበት ያላት ደካማ ሞተር ነበር የምታገኙት፣ መልክ ብቻ። ጂኤስኤክስ የምትባለውን ከገዛችሁ ግን ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 195 የፈረስ ጉልበትና አራቱንም ጎማ የሚያዞር ሥርዓት ይሰጣችኋል። የሞተሩ ስም 4ጂ63 ነው። ይኸው የሞተር ዘርና ይኸው የአራት ጎማ ሥርዓት በጋላንት ቪአር-4 ላይ ነበር፣ ጋላንት ቪአር-4 ደግሞ በ1989 የፊንላንዱን የ1000 ሐይቆች ራሊ ያሸነፈች መኪና ናት። ሞተሩ ቁመቱ ከመርዘሙ የተነሳ የቱርቦዋ ኮፈን ላይ አንድ ጉብታ ተሠርቶለታል። ጉብታው ለጌጥ አይደለም፣ ካልተሠራ ኮፈኑ አይዘጋም ነበር። እኔ ይህን ጉብታ እወደዋለሁ። ዲዛይነሩ ያመነበት ውሸት ሳይሆን መካኒኩ ያስገደደው እውነት ነው።

አሁን አስቡት። በአውሮፓ ጫካ ጭቃ ላይ ለመሮጥ የተሠራ ቴክኖሎጂ፣ ከ20,000 ዶላር በታች፣ ለፒዛ አመላላሽ፣ ለነርስ፣ ለኮሌጅ ተማሪ። ላንሰር ኢቮሉሽን አሜሪካ ውስጥ በይፋ መሸጥ የጀመረችው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ለአሥራ ምናምን ዓመት አንድ አሜሪካዊ ወጣት ያንን ሞተር ከሚያገኝባቸው ጥቂት መንገዶች አንዷ ኤክሊፕስ ነበረች። እኔን ያገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ነገር፣ በእውነት ጥሩ የሆነ ነገር፣ ገንዘብ የሌለው ሰው እጅ ሲገባ ደስ ይለኛል። ናዝሬት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ካላገባው ማንን ያገባዋል?

ሁለተኛው ትውልድ በ1994 መጣ፤ ክብ ክብ ያለ፣ የመጀመሪያው ማእዘን ሁሉ በሞረድ የተሞረደ የሚመስል። ቱርቦው 210 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ርካሿ ሞዴል ላይ ደግሞ ቱርቦ የሌለው የክራይስለር ሞተር ተቀመጠ፣ 140 የፈረስ ጉልበት። እዚህ ላይ የልጅነቴን ልብ የሰበረ ነገር ልንገራችሁ፦ በፊልሙ ላይ ያየናት አረንጓዴ መኪና ይቺ ርካሿ ነበረች። ቱርቦ የላትም። የምትነዳው በፊት ጎማ ብቻ ነው። ሲኒማ ነው እንግዲህ። የዓለም ልጅ ሁሉ የተመኛት ኤክሊፕስ ቀለም፣ ክንፍና የድምፅ ባለሙያ ሥራ ነበረች።

ይህን ያወቅሁ ቀን መኪናዋን ልተዋት ነበር። አልተውኳትም፣ ግን አንድ ነገር ተማርኩ፤ ኩባንያውም ይህንኑ ሳይማር አልቀረም። እኔ የተማርኩት መልክ እንደሚዋሽ ነው። ኩባንያው የተማረው መልክ እንደሚሸጥ ነው።

በ1999 ሦስተኛው ትውልድ ሲወጣ ቱርቦው የለም። የአራት ጎማው ሥርዓትም የለም። ከሥር ያለው አካል ጸጥተኛ የቤተሰብ መኪና ከሆነችው ከጋላንት ጋር የሚጋራ ሆነ፣ በዚያ ላይ 3 ሊትር ቪ6 ሞተር ተጫነበት። ጉልበቱ ከ200 ጥቂት ከፍ ይላል፣ ማለትም አሥር ዓመት ሙሉ ተሠርቶ ከመጀመሪያዋ ጂኤስኤክስ ብዙም አልራቀም። በጎኖቿ ላይ ግን ከበር እስከ በር የሚሄዱ ጎድን ጎድን የሚመስሉ መስመሮች ተቀረጹባት። የኮፈኑን ጉብታ አስታወሳችሁ? ያ ለሞተር ቦታ ነበር። እነዚህ መስመሮች ለምን እንደሆኑ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ኤክሊፕስ የሞተችው በ2011 አይደለም፣ በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሁለት ዓመት ተዝካር ነው።

አውቃለሁ፣ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፦ «ገበያው ነው የገደላት፤ ሰው ከፍ ያለ መኪና ፈለገ፣ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ሁሉ አለቀ»። ግማሹ እውነት ነው። ኒሳን 240ኤስኤክስ በ1998 ቀረች፣ ሆንዳ ፕሪሉድ በ2001፣ ቶዮታ ሴሊካ በ2006። ለወጣት ሾፌር ቱርቦ መኪና ኢንሹራንስ ማስገባት አሜሪካ ውስጥ የሚያስለቅስ ነገር ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። እንዲያውም ሌላም ልጨምርላችሁ፣ ሦስተኛው ትውልድ መጀመሪያ ላይ በደንብ ነው የተሸጠው። ታዲያ የት ላይ ነው ክርክሬ?

ክርክሬ እንዴት ተሸጠ በሚለው ላይ ነው። በ2002 ኩባንያው አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። አንዲት ልጅ ኤክሊፕስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ «ዴይስ ጎ ባይ» በሚለው የደርቲ ቬጋስ ዘፈን ትወዛወዛለች። ዘፈኑ ከማስታወቂያው በኋላ ገነነ፣ ግራሚም ወሰደ። ስለ መኪናዋ የሚታወስ ነገር ግን የለም፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው ስለ መኪናዋ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ደግሞ «ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ» የሚባል የሽያጭ ዘዴ መጣ፦ ዜሮ ቅድሚያ ክፍያ፣ ዜሮ ወለድ፣ ለአንድ ዓመት ዜሮ ወርሃዊ ክፍያ። ብድር የሚያበድረው ያጣ ወጣት ሁሉ ፈርሞ ቁልፍ ተቀበለ። ዓመቱ ሲያልቅ ብዙው መክፈል አቃተው። መኪኖቹ ተመልሰው መጡ፣ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አጣ። ጃፓን ውስጥ በ2000 የተጋለጠው፣ የደንበኞችን የብልሽት አቤቱታ ለዓመታት የመደበቁ ቅሌትም ገና ጠባሳው አልደረቀም ነበር።

ይሄ «ገበያው» ነው? ገበያ ማለት ሰው አይቶ፣ መዝኖ፣ ከፍሎ የሚወስድበት ቦታ መስሎኝ። ይሄማ የሠርግ ድንኳን ነው፣ ዕዳው ሙሽራው ላይ የሚቀር። ሰዎች ያልከፈሉበትን ነገር ስለወሰዱ «ሕዝቡ መረጠ» ማለት፣ በኋላ ሳይመለሱ ሲቀሩ ደግሞ «ሕዝቡ ጠላ» ማለት ነውር ነው። መልክ ብቻ የሸጠ፣ መልኩ ሲያረጅ የሚሸጠው አይኖረውም። አራተኛው ትውልድ በ2005 ሲመጣ የተደረገው ጉልበት መጨመር ነው፦ 3.8 ሊትር፣ 263 የፈረስ ጉልበት፣ ሁሉም በሁለቱ የፊት ጎማ ላይ ብቻ፣ ክብደቷ ከ1,500 ኪሎ በላይ። ነዳጅ አጥብቀው ሲረግጡ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። የአራት ጎማውን ሥርዓት የገነባ ኩባንያ ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው! የመጨረሻዋ፣ ጥቁር፣ በነሐሴ 2011 ከኖርማል ወጣች። ጨረታ ላይ ተሸጣ ገንዘቧ ለበጎ አድራጎት ዋለ። ከሟቿ አሥራ ሁለት ዓመት ሁሉ ይቺ አንድ ቀን ደስ ትለኛለች።

«ኢቮሉሽን ተክታታለች» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ክርክር ጠንካራ ነው፣ አልክደውም። ሞተሩም ሥርዓቱም በ2003 በኢቮሉሽን በኩል አሜሪካ ገባ፣ በ271 የፈረስ ጉልበት። ግን ዋጋዋ ሌላ ነበር፣ ገዢዋም ሌላ። ፒዛ አመላላሹ እዚያ ላይ ነው የወረደው። እሷም ብትሆን በ2015 ገደማ አከተመች።

በነገራችን ላይ ለትዝታ ስል ልዋሽላችሁ አልፈልግም። የሁለተኛው ትውልድ ቱርቦ ሞተር የታወቀ ሕመም ነበረው፤ ክራንክ ሻፍቱ የሚደገፍበት ቡሽ እየተበላ፣ ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ደህና ሰንብቱ። ፋብሪካውም ቢሆን የምንመኘው ዓይነት ቅዱስ ቦታ አልነበረም። በ1996 የአሜሪካ መንግሥት የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን የኖርማሉን ፋብሪካ በሴት ሠራተኞች ላይ በሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳ ከሰሰ። በ1998 ኩባንያው 34 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያቺን ውብ ሁለተኛ ትውልድ በእጃቸው ሲገጣጥሙ በነበሩ ዓመታት ማለት ነው። የዘጠናዎቹን መኪና ስታዩ «ወይ ደግ ዘመን» ለምትሉ ወንድሞቼ ይህን አስቀምጬላችሁ ልለፍ። ደግ ሞተር ነበር፣ ዘመኑን አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ፎቶው ልመለስ።

በመጋቢት 2017 ጄኔቫ ላይ ሚትሱቢሺ አዲስ መኪና አሳየ። ከፍ ያለች፣ ባለ አራት በር፣ ልጅና ሻንጣ የምትጭን። ስሟ ኤክሊፕስ ክሮስ። አሜሪካ ስትገባ ሞተሯ 1.5 ሊትር ቱርቦ፣ 152 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከመጀመሪያዋ ጂኤስኤክስ በ43 ያንሳል። መጥፎ መኪና ናት እያልኩ አይደለም። ልጅ ላለው ሰው ደህና ናት፣ የአክስቴ ልጅም ወዷታል፣ ይባርክለት። ጥያቄዬ ስለ ስሙ ነው። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። በቅሎ ነውር የለባትም፣ ዳገት ትወጣለች፣ ጭነት ትችላለች፣ አገር የቆመው በእሷ ነው። ነውሩ አጎት መጥራቱ ላይ ነው።

ነገሩ እዚያም አላበቃም። በ2025 አውሮፓ ውስጥ ሌላ ኤክሊፕስ ክሮስ ወጣች፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ከሥር ስትታይ የሬኖ ሴኒክ ናት፣ የምትገጣጠመውም ፈረንሳይ ውስጥ በሬኖ ፋብሪካ። ስለዚህ የእንግሊዝ ፈረስ ስም፣ በጃፓን ኩባንያ በኩል፣ በኢሊኖይ ሠራተኞች እጅ የከበረ፣ አሁን የፈረንሳይ ቤተሰብ መኪና ላይ ተለጥፎ ይዞራል። ፎርድም ቢሆን ያው ነው፤ ፑማም ካፕሪም የባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ስሞች ነበሩ፣ ዛሬ ሁለቱም ከፍ ባሉ የቤተሰብ መኪኖች ላይ ናቸው።

«ስም ብቻ ነው፣ ምን ያጨቃጭቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ስም ያወጡ ነበር፤ አዲስ ስም በነፃ ነው። አሮጌውን የወሰዱት ውስጡ የተቀመጠ ነገር ስላለ ነው፦ ያ አግዳሚ፣ ያ የሁለት ሰዓት ፊልም፣ ያ «አሜሪካ ስገባ» ያለ ልጅ። የአክስቴ ልጅ ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ምኞት ነው በባለ 1.5 ሊትር ሞተር የመነዘሩለት። ቶዮታ ሴሊካን ሲያቆም ስሟን ቢያንስ ዝም ብሎ አስተኛት። ለሞተ ሰው የሚደረገው ይኸው ነው።

«ደግሞስ ማን ይሰማሻል?» ለሚለውም መልስ አለኝ። በ1980ዎቹ ፎርድ ሙስታንግን በማዝዳ አካል ላይ በተሠራች፣ በፊት ጎማ በምትነዳ መኪና ሊተካ አስቦ ነበር። በ1987 ወሬው ሲያፈተልክ ሙስታንግ ወዳዶች ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። በወረቀት፣ በቴምብር! ብዛቱ ኩባንያውን አስደነገጠ። አዲሷ መኪና ፕሮብ ተባለችና ለብቻዋ ወጣች፣ ሙስታንግም ሙስታንግ ሆና ቀጠለች። ፕሮብ በ1997 ቀረች። ሙስታንግ ዛሬም ባለ ሁለት በር ሆና ትሸጣለች። (ከዚያ በኋላ ፎርድ ስሟን ለአንዲት ከፍ ያለች የኤሌክትሪክ መኪና ሰጥቷል፣ እሱ ሌላ ጠብ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።) ለኤክሊፕስ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማን ጻፈ? እኛ ወዳጆቿ ፖስተር ለጠፍን፣ ፊልም ደጋገምን፣ የስልካችንን ስክሪን አስጌጥን። በ1999 ሞተሩን ሲነቅሉት ግን ቀለሙ እስካለ ድረስ ግድ አልሰጠንም። እኔም አሥር ዓመቴ ነበር ብዬ አላመልጥም፤ ትልቅ ሆኜም የማውቀው ቀለሙን ነበር።

የኖርማሉ ፋብሪካ በ2015 መጨረሻ ተዘጋ፣ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። በ2017 ሪቪያን የሚባል አዲስ ኩባንያ ገዛው፣ በ2021 የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ፒክ አፕ ከዚያው አዳራሽ ወጣ። ፒክ አፑ አር1ቲ ይባላል። እንደ ስም ደረቅ ነው፣ የማሽን ቁጥር ይመስላል። ግን የማንንም ስም አልወሰደም፤ የሚጠራበትን ነገር ራሱ እየሠራ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት። ለሁለት ቀን ዝም አለኝና ሦስተኛው ቀን በድምፅ መለሰ። ከኋላው ልጆቹ ይጮኻሉ፣ የመኪናው ምልክት ሰጪ ጠቅ ጠቅ ይላል። «አንብቤዋለሁ፣ ልክ ነሽ» አለ። «ግን እኔ ቀለሙን ለምን እንደላክሁልሽ አልጠየቅሽኝም። አረንጓዴ ነበር የጠየቅሁት እኮ። የለንም አሉኝ።»